ዊቸር 3ን እንደገና ሳላወርድ ያዛወርኩበት መንገድ

ዊቸር 3 የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ወደ 50 ጊጋባይት ይይዛል። አዲስ ኮምፒውተር ስገዛ ያን ሁሉ በሞባይል ዳታ ዳግም ማውረድ የማይታሰብ ወጪ ነበር።

መጀመሪያ ጨዋታዎች በሚገዙበትና በሚጫኑበት ፕሮግራም፣ በስቲም ውስጥ «ስቲምአፕስ»፣ ከዚያም «ኮመን» የሚባለውን ማህደር ከፍቼ የጨዋታውን ማህደር ብቻ ገለበጥኩ። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ግን ጨዋታው እንዳልተጫነ ተቆጠረ። የጎደለችው ከ«ኮመን» ውጭ፣ እዚያው «ስቲምአፕስ» ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ፋይል ነበረች። ስሟ በ«አፕማኒፌስት» ይጀምርና በጨዋታው መለያ ቁጥር ያበቃል፤ የዊቸር 3 ቁጥር 292030 ነው። ስቲምን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ ሁለቱንም በየቦታቸው አስቀመጥኩና መልሼ ከፈትኩት። ወዲያው አወቀው! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀጥሎ የፋይሎቹን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠውን ትእዛዝ አስጀመርኩ፤ የጎደለውን ጥቂት ብቻ አወረደ።

የምትጠቀሙበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ወደሚባለው አደረጃጀት መቀየር ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ እባካችሁ፣ ፎቶዎቻችሁንና ሰነዶቻችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

የደረስኩበት የጨዋታ ደረጃ የተቀመጠው ግን ሌላ ቦታ፣ በዊንዶውስ የሰነዶች ማህደር ውስጥ ነበር። እሱንም ለብቻው ገልብጬ አመጣሁት።