የሞተር ሳይክል መሪ አቀያየር፦ ልክ አልገጥም ሲል ምን ይደረጋል?

መሪ መቀየር ሲያዩት አራት ብሎን ፈትቶ መልሶ ማሰር ይመስላል። ሥራውን የሚያከብደው ግን መሪው ላይ የተንጠለጠለው ነው፤ የፍሪሲዮን ካቮ፣ የነዳጅ መስጫ ካቮ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦና የማብሪያዎቹ ሽቦ ርዝመታቸው የተለካው ከፋብሪካ ለመጣው መሪ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ።

መጀመሪያ ውፍረቱን። እጅ የሚይዝበት ጫፍ በአብዛኞቹ ሞተሮች 22 ሚሊ ሜትር፣ በአንዳንድ ትልልቅ ክሩዘሮች (ዘና ብሎ ለረጅም መንገድ የሚነዱ ሞተሮች) ደግሞ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። መሃሉ፣ ማለትም መሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ማቀፊያ የሚጨብጠው ቦታ፣ 22፣ 25.4 ወይም 28.6 ሊሆን ይችላል። መሃሉ 28.6 የሆነ መሪ ለ22 በተሠራ ማቀፊያ አይገባም፤ ማቀፊያውም አብሮ መቀየር አለበት። ቀጭን መሪ በሰፊ ማቀፊያ ለማሰር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቀለበት አለ። ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ፍሬን በኃይል ሲያዝ የነጂው ክብደት መሪው ላይ ስለሚያርፍ መሪው ይዞራል።

ቀጥሎ የአሮጌውንና የአዲሱን ከፍታ፣ ስፋትና ወደ ነጂው የሚመለስበትን መጠን ያወዳድሩ። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ብዙ ጊዜ የካቮውን መንገድ ማስተካከል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ረጅም ካቮና ቱቦ አብረው ይግዙ።

ከመፍታትዎ በፊት ካቮዎቹ በየት በየት እንደሚያልፉ ፎቶ ያንሱ፤ የነዳጅ ታንኩንም በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፤ የፍሬን ዘይት ከፈሰሰበት ቀለሙን ይበላዋል። የፍሬን ዘይት ዕቃውን ሲያወርዱ ክዳኑ ወደ ላይ እንደሆነ ያቆዩት። ካጋደለ አየር ይገባበታል፣ በቱቦው ከተንጠለጠለ ደግሞ ቱቦው ይጎዳል። የእጅ መያዣ ጎማውን ጠርዝ በቀጭን ነገር ከፍ አድርገው የሳሙና ውኃ ቢያስገቡበት እያዞሩ ማውጣት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ማብሪያዎቹ ላይ ነው። በማብሪያው ቤት ውስጥ ትንሽ ጥርስ አለች፤ የምትገባው መሪው ላይ ባለው ቀዳዳ ነው። አዲሱ መሪ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የለውም። ጥርሷን ቆርጦ መጣል ቀላል ይመስላል፤ ግን የማብሪያው ቤት መዞር ይጀምራል፣ በነዳጅ መስጫው በኩል ከዞረ ደግሞ ካቮውን ይዞ ይሄዳል። መብሳቱ ይሻላል። መሪውን በማቀፊያው በቀላሉ አስረው ሞተሩ ላይ ይቀመጡ፤ እጅዎና የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎቹ ከተመቹ በኋላ የጥርሷን ጫፍ ቀለም ቀብተው ቤቱን ይግጠሙት። ሲከፍቱት ነጥቡ መሪው ላይ ታትሞ ያገኙታል። በቀጭን መብሻ ይጀምሩና በጥርሷ ልክ ያስፉት፤ አንዱን ግድግዳ ብቻ እንጂ ማዶ ድረስ አይብሱ። ማቀፊያው አጠገብ መብሳት አይገባም፤ ትልቁ ጫና የሚያርፈው እዚያ ነው። የመሪው አምራች መብሳትን ከከለከለ ግን ጥርሷን መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያኔ ቤቱ እንዳይዞር በደንብ ጨብጦ መያዙን ያረጋግጡ።

የማቀፊያው ክዳን ላይ ነጥብ ወይም ቀስት ካለ ብዙ ጊዜ ወደ ፊት ይዞራል። አንዳንድ ሞተሮች የፊቱ ብሎን መጀመሪያ ጠብቆ ክፍተቱ ከኋላ እንዲቀር፣ ሌሎች ክፍተቱ በሁለቱም በኩል እኩል እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ የሞተሩን መመሪያ ይከተሉ። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን የማጥበቂያው ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 28 ኒውተን ሜትር ነው።

አሁን ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩ። ማንሻው ታንኩን ከነካ ወይም ጣት በመሃል ከተጨፈለቀ መሪውን ትንሽ ወደ ፊት ያዙሩት፤ ካልበቃ ከማቀፊያው ሥር ከፍ ማድረጊያ ያስገቡ። ቱቦውን ሲፈትሹ የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሱ። ጎማው ሲንጠለጠል የፊት ሾኩ ስለሚረዝም፣ መሬት ላይ ልኩ የሚመስል ቱቦ ያኔ ሊወጠር ይችላል። ቱቦ ከቀየሩ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ሮንዴላዎች በአዲስ ይተኩ፣ ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ዘይት ይጨምሩና ማንሻው ጠንካራ እስኪሆን አየሩን ያስወጡ። ማንሻው ሲጨበጥ ከለሰለሰ ውስጡ አየር አለ።

ከዚያ ሞተሩን በዜሮ ማርሽ አስነስተው መሪውን እንደገና ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። ድምፁ ከጨመረ የነዳጅ መስጫው ካቮ ተወጥሯል፤ በዚህ ሁኔታ አይነዳም፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ በራሱ ነዳጅ ይሰጣል። የነዳጅ መስጫው ከየትኛውም የመሪ አቅጣጫ ሲለቀቅ ቀጭ ብሎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ የእጅ መያዣው መሪው ጫፍ ላይ የሚታሰረውን የብረት ክብደት እየፈተገ ሊሆን ይችላል፤ በመሃላቸው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። የፍሪሲዮን ማንሻም መሪው ሲዞር ላላ ያለው ጨዋታ ከጠፋ ካቮው አጥሯል፤ እንዲሁ ከተነዳ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተትና ይቃጠላል።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ዝግ ያለ ይሁን፤ ሲመለሱ የማቀፊያውን ብሎኖች በዚያው ልክ ደግመው ይፈትሹ።