ጥያቄ የሚመስል ትእዛዝ፦ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለአዲስ ገቢዎች

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አለቃዬ በሩ ላይ ቆማ «ኩድ ዩ ዱ ዘ ሎቢ ፈርስት?» አለችኝ። ሎቢውን አስቀድሜ ማጽዳት እችል እንደሆነ የጠየቀችኝ መስሎኝ «የስ፣ አይ ካን» ብዬ አልጋ ማንጠፌን ቀጠልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተቆጥታ ተመለሰች። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር፤ ትእዛዝ መሆናቸውን ግን አላወቅኩም።

ሐተታ፣ ጥያቄ፣ ትእዛዝና አድናቆት ተብለው የሚከፈሉትን አራቱን የዐረፍተ ነገር ዓይነቶች አገር ቤት ተምረናቸዋል። እዚህ የሚያስቸግረን ትእዛዙ ነው። በአማርኛ «ይቀመጡ» ስንል አክብሮቱ ግሡ ውስጥ አለ። የእንግሊዝኛው «ሲት» ግን ለሕፃንም ለሽማግሌም አንድ ነው፤ ስለዚህ ሰዎቹ ትእዛዙን በጥያቄ መልክ ያለሰልሱታል። አለቃችሁ «ካን ዩ» ወይም «ኩድ ዩ» ብሎ ከጀመረ ሥራውን ሥሩ ማለቱ ነው። እናንተም እንዲሁ ጠይቁ። «ጊቭ ሚ ዋተር» ለጆሯቸው «ውኃ ስጠኝ» እንጂ «ውኃ ይስጡኝ» አይደለም። «ዉድ ዩ ማይንድ» ሲሏችሁ ደግሞ «ቅር ይልሃል?» ማለት ስለሆነ እሺታው «ኖ» ነው።

ጥያቄ ስትሠሩ የአማርኛውን ልማድ ተዉት። እኛ «መጣ» የሚለውን ድምፃችንን ከፍ አድርገን «መጣ?» ብንል ይበቃናል። በእንግሊዝኛ ግን ቃል ቦታ ይለውጣል፦ «ሂ ኢዝ ሂር» የነበረው «ኢዝ ሂ ሂር?» ይሆናል። ረዳት ግሥ ከሌለ «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ከፊት ይገባል። ይህን መለየት ለዜግነት ፈተናም ይጠቅማል፤ ለንባቡ የተዘጋጀው የቃላት ዝርዝር «ሁ»፣ «ዌን»፣ «ዌር» የሚሉ መጠይቆች ሲኖሩት የጽሑፉ ዝርዝር የለውም። ከ3 ዐረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከ3 አንዱንም በትክክል መጻፍ የንባቡንና የጽሑፉን ክፍል ያሳልፋል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ በአሉታ ለሚመጣ ጥያቄ እንድትጠነቀቁ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» ብትል፣ እኛ «አዎ፣ የለኝም» እንደምንለው «የስ» ብቻ ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ አለርጂ እንዳለባችሁ አድርጋ ልትመዘግበው ትችላለች። የእኛ «አዎ» የጠያቂውን ንግግር ያጸድቃል፤ የእነርሱ «የስ» ግን ነገሩ አለ ማለት ነው። ከሌለባችሁ «ኖ፣ አይ ዶንት»፣ ካለባችሁ «የስ፣ አይ ዱ» በሉ፤ የማይስማማችሁን መድኃኒትም ስም ጨምሩበት።