የተተከለ ጓሳ ሲደርቅ፦ ምልክቱ፣ መንሥኤውና መፍትሔው

ጓሳ የተባለው የደጋ ሣር በተተከለ በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ገለባ ከመሰለና ግንጣዩ (ከእናት ጓሳ ተከፍሎ የተተከለው) በሁለት ጣት ሲሳብ ከተነቀለ፣ ሥር አልያዘም ማለት ነው። በደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከጉጉፍቱ እስከ ደላንታ ባሉት እርከኖች ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይኸው ሲሆን፣ ተካዩ ሁልጊዜ የሚወቅሰው ዝናቡን ነው። ጓሳ ውርጭና ነፋስ የሚችል ሣር ቢሆንም፣ ከእናቱ ተገንጥሎ ሥሩ ፀሐይ ከመታው ፈጥኖ ይሞታል፤ ቅጠሉ ግን አረንጓዴነቱን ለቀናት ስለሚያቆይ ሙት መተከሉን የሚያስተውል የለም።

አንድ ዓመት በሐምሌ በመኪና የመጣ ጓሳ መንገድ ዳር ተዘርግቶ እስከ ቀትር ከዋለ በኋላ ተተከለ። በነሐሴ ስንመለስ ከአንድ ሙሉ እርከን የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነበር። አብረውን የነበሩ አዛውንት ገበሬ አንዱን ነቅለው ሥሩን ካገላበጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ የሞተው መንገድ ላይ ነው፤ እዚህ ያመጣችሁት ለቀብር ነው» አሉ።

ስለዚህ ማለዳ ወይም በደመናማ ቀን ይነቀል፤ ሥሩ ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በዕለቱ ይተከል። አንዱ ግንጣይ ቢያንስ አምስት ቀንበጥ ይኑረው፤ ቁጥር ለማብዛት አንድ አንዱን መሰንጠቅ ሪፖርት ያሳምራል እንጂ እርከን አይሸፍንም። ቅጠሉ ስንዝር ያህል ቀርቶ ይከርከም። ቅጠልና ሥር የሚገናኙበት አንገት ከአፈሩ እኩል ይሁን፤ ፈጽሞ አይቀበር! አፈሩም ዙሪያውን በእግር ይጠቅጠቅ። እናት ጓሳውን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ ሜዳውን ማራቆት ደግሞ ነውር ነው።

በበልግ ዝናብ ተማምኖ የተተከለ፣ ክረምት ሳይገባ ያለውን ደረቅ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አይሻገርም። በሐምሌ መጀመሪያ ይተከል፤ የዘገየውን የጥቅምት ውርጭ ሥር ሳይሰድ ይደርስበታል።

ከሥሩ ቢጫ ሆኖ የሚበሰብሰው ውኃ በሚቋጥር ዋልካ ላይ የተተከለ ነውና ቦይ ይቆፈርለት። ተነቅሎ የተጣለ ከሆነ ከብት ገብቷል፤ ልቅ ግጦሽ ባልቆመበት አይተከል። 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ለተከለው ግን መፍትሔ የለኝም፤ ጓሳ የሚስማማው ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ብርድ ነው።

ለቤት ክዳን ወይም ለገመድ ታጭዶ መልሶ ያላቆጠቆጠ ጓሳ ካለ፣ ማጭዱ አንገቱን ነክቶታል፤ በሚቀጥለው ከመሬት አንድ ጭብጥ ከፍ ተደርጎ ይታጨድ።