የሜዲኬር ክፍያ ሲቀነስ ስፔሻሊስት ሐኪሞች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የጤና መድን፣ ለሐኪሞች የሚከፍለውን ተመን በየዓመቱ ይከልሳል። ረቂቁ በጁላይ ገደማ ይወጣል፤ የመጨረሻው ደንብ በኖቬምበር መጀመሪያ አካባቢ ይታወቅና ጃንዋሪ 1 ሥራ ላይ ይውላል። በመካከሉ ያለው ሁለት ወር ለክሊኒክ ባለቤት አጭር ጊዜ ነው፤ በችኮላ የሚወሰደው እርምጃም አንዳንዴ ከቅነሳው የበለጠ ገንዘብ ይበላል።

ኮንቨርዥን ፋክተሩን ብቻ ማየት

የእያንዳንዱ አገልግሎት ክፍያ ከሦስት ነገሮች ይሰላል፦ ከሐኪሙ ሥራ፣ ከክሊኒኩ ወጪና ከሙያ ስህተት መድን። ሦስቱ አር ቪ ዩ በሚባል ነጥብ ይለካሉ፤ በአካባቢው ማስተካከያ ተባዝተው ይደመሩና ኮንቨርዥን ፋክተር በሚባለው የዶላር ቁጥር ይባዛሉ። ዜና ላይ የሚወጣው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው።

2026 ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁጥሩ በ2025 ከነበረበት 32.35 ዶላር ለአብዛኛው ሐኪም ወደ 33.40 ከፍ አለ። በዚያው ደንብ ግን በጊዜ የማይለኩ አገልግሎቶች፣ ለምሳሌ ቀዶ ሕክምና፣ ኢንዶስኮፒና የራጅ ንባብ፣ የሥራ ነጥባቸው 2.5 በመቶ ተቀነሰ። ሆስፒታል ውስጥ ለሚሠራ ሥራ የሚታሰበው የወጪ ነጥብም ወረደ። ስለዚህ «ዘንድሮ ጨምሯል» ሲባል የሰማ የሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ቼኩ ቀንሶ ሊያገኘው ይችላል።

ደንቡ ላይ ያለው የየስፔሻሊቲው የተፅዕኖ ሰንጠረዥም አማካይ ነው። በቢሮው ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚሠራ ካርዲዮሎጂስት፣ ማለትም የልብ ሐኪም፣ እና ውሎው ካት ላብ (በሆስፒታል የልብ ደም ሥሮች በቱቦ የሚመረመሩበት ክፍል) የሆነ ካርዲዮሎጂስት ሁለቱም በአንድ መስመር ተጠቃለዋል። ያለፉትን 12 ወራት ክፍያዎች ከሶፍትዌሩ ያውጡ፤ ኮዶቹን፣ ማለትም ለየአገልግሎቱ ክፍያ ሲጠየቅ የሚጻፉትን መለያ ቁጥሮች፣ ባስገቡት ገንዘብ ደርድረው የላይኞቹን 20 ወይም 25 ይውሰዱ፤ ቢሮ ውስጥ የተሠራውንና ሆስፒታል ውስጥ የተሠራውን ለየብቻ አድርገው እያንዳንዱን ብዛት በአዲሱ ተመን ያባዙ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህ ሳይደረግ የሚወሰን ውሳኔ ሁሉ ግምት ነው።

«አራት በመቶ ብቻ ነው» ማለት

ቅነሳው ከጠቅላላ ገቢ ላይ ይነሳል፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን አብረው አይወርዱም። ከመቶ ዶላር ገቢ 60ው ወጪ ከሆነ ለሐኪሙ የሚቀረው 40 ነው። ሁሉም ከፋይ በ4 በመቶ ቢቀንስ 36 ይቀራል፤ ይህም የሐኪሙ ገቢ በ10 በመቶ ወረደ ማለት ነው። የታካሚዎቹ ግማሽ ብቻ በሜዲኬር ከሆኑ ጉዳቱም በዚያው ልክ ያንሳል።

መድኃኒት ገዝቶ በክሊኒኩ የሚሰጥ፣ እንደ ካንሰርና የሬቲና ሐኪም ያለው፣ ስሌቱ ይከፋበታል። ሕጉ የሚከፍለው የመድኃኒቱን አማካይ መሸጫ ዋጋና 6 በመቶ ጭማሪ ነው። ሜዲኬር ከሚከፍለው ድርሻ ላይ 2 በመቶ የሚቆርጠው የበጀት ቅነሳ ሲገባበት ጭማሪው ወደ 4.3 በመቶ ይወርዳል። በ1,000 ዶላር መድኃኒት 60 የነበረው ልዩነት 43 ሆነ፤ ከሩብ በላይ ጠፋ። አንድ ጠርሙስ ቢበላሽ ወይም አንድ ክፍያ ውድቅ ቢደረግ የብዙ ታካሚ ትርፍ ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ተመኑን ከማማረር የመድኃኒት ክምችቱን በየሳምንቱ መቁጠር ይጠቅማል።

የጎደለውን በብዛት ለማካካስ መሮጥ

በጣም የተለመደው ምላሽ ይህ ነው፤ መንግሥትም ያውቀዋል። ለአንድ ምርመራ 100 ዶላር ይከፈል የነበረና 30ው ለዕቃና ለሠራተኛ የሚወጣ ከሆነ ክፍያው 96 ሲሆን ትርፉ ከ70 ወደ 66 ይወርዳል። ቀድሞ የነበረውን ለማግኘት 100 ይሠራ የነበረው 106 መሥራት አለበት። ስድስቱ ከየት ይመጣሉ? መጠበቂያ ዝርዝር ላይ ካሉ ሰዎች ወይም ቀጠሮ ቀርተው ባዶ ከሆኑ ሰዓቶች ከሆነ መልካም። ቀድሞ አያስፈልጋቸውም ይባሉ ከነበሩ ታካሚዎች ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው።

ሜዲኬር ከ2005 ጀምሮ ለኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የሚከፍለውን ከቀነሰ በኋላ የተደረገ ጥናት የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች ኬሞቴራፒ የማግኘት ዕድላቸው እንደጨመረ፣ ትርፋቸው በጣም የወረደ መድኃኒቶችም ትርፍ በቀረላቸው እንደተተኩ አሳይቷል። ኦዲተሮች ይህን ዓይነት ለውጥ በኮምፒውተር ይከታተላሉ፤ ቅነሳ በገባ ማግስት የአንድ ሐኪም ቁጥር ከእኩዮቹ ተለይቶ ሲዘል ይታያቸዋል። የሕክምና አስፈላጊነቱ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ገንዘቡ ይመለሳል። ሆን ተብሎ ከተደረገ ደግሞ የሐሰት ክፍያ ጥያቄ ሕጉ የጉዳቱን ሦስት እጥፍና በእያንዳንዱ ጥያቄ ቅጣት ያስከፍላል።

ኮድ ከፍ ማድረግ፣ ማለትም ከተሠራው በላይ የሚያስከፍል ኮድ መጻፍም፣ የዚሁ ዘመድ ነው። በአንድ ቀን ከፕሮሲጀሩ (ከሚሠራው የሕክምና ሥራ) ሌላ ለምርመራም ለማስከፈል የሚጻፈውን ምልክት፣ ሞዲፋየር 25ን፣ በየፕሮሲጀሩ ላይ መለጠፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከፕሮሲጀሩ የተለየና ራሱን የቻለ ምርመራ እንደተደረገ ማስታወሻው ማሳየት አለበት። በተቃራኒው ኦዲት ፈርቶ የሠራውን ዝቅ አድርጎ የሚያስከፍልም ብዙ ነው። ሠላሳ የታካሚ ካርዶች አውጥቶ ከክሊኒኩ ውጭ ባለ የኮድ ባለሙያ ማስመርመር ሁለቱንም ያወጣል። ያለአግባብ የተከፈለ ከተገኘ መመለሻው፣ ለማጣራት የሚፈቀደው ጊዜ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ 60 ቀን ነው።

በንዴት ከሜዲኬር መውጣት

ሦስት አማራጮች አሉ፤ ብዙዎች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያምታታሉ። የመጀመሪያው ሙሉ ተሳታፊነት ነው፤ ተመኑን እንደ ሙሉ ክፍያ ይቀበላሉ። ሁለተኛው ተሳታፊ ሳይሆኑ መቆየት ነው፤ ተመንዎ 95 በመቶ ይሆናል፣ በዚያ ላይ እስከ 15 በመቶ መጨመር ስለሚቻል ጣሪያው የሙሉ ተመኑ 109.25 በመቶ ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭማሪውን ሲጠይቁ ሜዲኬር ድርሻውን የሚልከው ለታካሚው ነው፣ ገንዘቡን ከታካሚው እጅ የመሰብሰቡ ሥራ የእርስዎ ይሆናል። ካስከፈሉት ከ91.5 በመቶ በታች ከሰበሰቡ ተሳታፊ ቢሆኑ ይሻልዎት ነበር። የዚህ ምርጫ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 31 ያበቃል።

ሦስተኛው ፈጽሞ መውጣት ነው። ለሁለት ዓመት ያስራል፣ በራሱ ይታደሳል፣ ለሁሉም የሜዲኬር ታካሚዎችዎ ይሠራል፤ «ይህን ታካሚ በግል፣ ያንን በሜዲኬር» ማለት አይቻልም። ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋርም የተጻፈ ውል ያስፈልጋል። ከመፈረም በፊት የሆስፒታሉን መተዳደሪያ ደንብ ያንብቡ፤ ሜዲኬርን መቀበል እንደ ግዴታ የሚያስቀምጥ ሊሆን ይችላል። በሕክምና መካከል ያለን ታካሚ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ምትክ መተውም በራሱ ያስከስሳል።

ኮፔይ መተው፣ ከባልደረቦች ጋር መስማማት

ታካሚ እንዳይሸሽ ኮፔይን፣ ማለትም ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለውን ድርሻ፣ በዘልማድ መተው ደግነት ይመስላል፤ ሕጉ ግን እንደ ማባበያ ክፍያ ሊያየው ይችላል። የታካሚው አቅም ማጣት ተጣርቶና ተመዝግቦ በየግለሰቡ ሲሆን ይፈቀዳል።

በከተማው ያሉ ተፎካካሪ ስፔሻሊስቶች ተሰብስበው «ከዚህ በታች አንቀበልም» ቢሉ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ይመለከታቸዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በአሪዞና ማሪኮፓ ካውንቲ ሐኪሞች ጉዳይ በሐኪሞች መካከል የሚደረግን የዋጋ ስምምነት ሕገወጥ ብሎታል። በረቂቁ ላይ በጋራ አስተያየት መጻፍና ኮንግረስን መወትወት ግን መብት ነው።

መጀመሪያ የቢሊንግ ሠራተኛዋን መቀነስ

የክፍያ ጥያቄዎችን የምትልከውና የምትከታተለው የቢሊንግ ሠራተኛ ደመወዟ ወዲያው ይታያል፤ የምታስመልሰው ገንዘብ አይታይም። የሜዲኬር ክፍያ ጥያቄ አገልግሎቱ ከተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልገባ ይቃጠላል፤ ውድቅ የተደረገ ክፍያ የመጀመሪያው ይግባኝ 120 ቀን ብቻ አለው። ወንበሯ ለሦስት ወር ባዶ ሲሆን የሚያልፉት ቀነ ገደቦች ከቅነሳው ሊበልጡ ይችላሉ።

ኮንግረስ ያድነናል ብሎ መቀመጥ

ከ2003 እስከ 2015 ድረስ ኮንግረስ ቅነሳዎችን 17 ጊዜ ስላስቀረ ይህ ተስፋ ልማድ ሆኗል። በ2024 ማስተካከያው የመጣው ማርች 9 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራው በዝቅተኛው ተመን ቀረ። በ2025 የ2.83 በመቶው ቅነሳ እንዳለ ቆየ። በጀት የሚሠራው በወጣው ደንብ ነው።

የግል ውሎችን አለመክፈት

ብዙ የግል መድን ድርጅቶች የሚከፍሉት «ከሜዲኬር ተመን ይህን ያህል በመቶ» እየተባለ ነው። ውሉ «የወቅቱን ተመን» ካለ የሜዲኬር ቅነሳ እዚያም ይገባል፤ የአንድ ዓመት ተመን ተጠቅሶ ከሆነ አይነካም። በሆስፒታል ተቀጥሮ በሥራ ነጥብ የሚከፈለውም ከዚህ አያመልጥም። በ2026ቱ የ2.5 በመቶ ቅነሳ ምክንያት ያው ሰው ያንኑ ቀዶ ሕክምና ያንኑ ያህል ጊዜ ሠርቶ ነጥቡ ያንሳል፤ የቦነስ መነሻው ግን ባለበት ሊቆም ይችላል። ሲፈርሙ የየትኛው ዓመት የነጥብ ሰንጠረዥ እንደሚሠራና ሰንጠረዡ ሲቀየር መነሻውም አብሮ እንደሚስተካከል በግልጽ ያስጽፉ። ክሊኒኩን ለሆስፒታል የሚሸጥ ሐኪምም ይህችን አንቀጽ ከሽያጩ ዋጋ እኩል ሊከራከርባት ይገባል።