የተረፈ ሙሌት የስፌት ክፍሉን ሲያጨናንቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ድርብ ብርድ ልብስ የሚሰፋ ሰው ይህን ጣጣ አያጣውም። ከላይኛውና ከታችኛው ጨርቅ መሃል የሚገባው ሙሌት፣ ባቲንግ የሚሉትም አሉ፣ ሲሰፋ ስለሚሸሽ በአራቱም ጎን ትርፍ ተይዞለት ነው የሚቆረጠው። ሥራው ሲያልቅ ትርፉ ይከረከማል። መጣሉ ያሳሳል፤ ስለዚህ ፌስታል ውስጥ ይገባና ከጠረጴዛ ስር ይወሸቃል።

ሙሌቱ ሞልቷል፣ የምፈልገው ግን አይገኝም

የቦታ ችግር ይመስላል እንጂ አይደለም። ጥጡም ፖሊስተሩም ሱፉም ነጭ ስለሆነ አንድ ላይ ሲጠቀጠቅ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ምንነቱ ያልታወቀ ሙሌት ደግሞ ደፍሮ የሚጠቀምበት የለም፤ አዲስ ይገዛል፣ አሮጌው ይከማቻል።

መጀመሪያ ለዩት። ጥጥ ጠፍጣፋና ከበድ ያለ ነው። ፖሊስተር ቀላልና ንፍት ያለ ነው። ሱፍ ሲጨብጡት ይጨመቃል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይነሳል። ካጠራጠራችሁ ትንሽዬ ቁራጭ በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ለኩሷት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ሲነካ ብን ይላል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አመድም ጠጣር ነገርም ከተወ ድብልቅ ነው፤ 80 በመቶ ጥጥና 20 በመቶ ፖሊስተር የሆነው ሙሌት በጣም የተለመደ ነው።

ከዚያ ዓይነቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በመርፌ ቁልፍ አያይዙበት። ከአዲስ ጥቅል ስትቆርጡ ያኔውኑ ብትጽፉ ይሄ ሁሉ መለኮስ ባላስፈለገ ነበር። በመጠን ስትለዩ ግን አታብዙት፣ አስር ሳጥን ደርድሮ የሚዘልቅበት ሰው የለም። ሦስት ይበቃል፦ ለመቀጠል የሚሆን ትልቅ፣ ለትናንሽ ሥራ የሚሆን መካከለኛ፣ ፍርፋሪ።

ሁለት ቁራጭ ቀጥዬ ብሰፋ ጉብታ ወጣበት

ጠርዝ በጠርዝ ላይ ደርባችሁ ስለሰፋችሁ ነው። ሙሌት አይደረብም፣ አፍ ለአፍ ነው የሚገጥመው። ለዚህ ደግሞ ጠርዞቹ ቀጥ ማለት አለባቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን ጥቂት አደራርባችሁ በተደራረቡበት ላይ ሁለቱንም ባንዴ ቁረጡና ትርፍራፊውን አንሱት። አሁን ልክክ ይላሉ። ወርዱ 5 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ዚግዛግ፣ መርፌው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየረገጠ ይያያዙ። በእጅም ይሆናል፣ ክሩን አታጥብቁት ብቻ።

የሚቀጠሉት ቁራጮች ዓይነታቸውም ውፍረታቸውም አንድ ይሁን። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ፖሊስተር ግን ባለበት ስለሚቀር ሁለቱን ከቀላቀላችሁ ብርድ ልብሱ ግማሹ ተሸብሽቦ ግማሹ ለጥ ብሎ ከውሃ ይወጣል። ያንን ማንም አያቃናውም።

መገጣጠሚያው ተወላገደ

ወይ በእጅ ጎትታችሁታል፣ ወይ የስፌት መኪናው እግር፣ ጨርቁን ከላይ የሚጫነው፣ ተጭኖ ለጥጦታል። የእግሩን ጫና ቀንሱ፣ የስፌቱን እርምጃ አርዝሙ። ከላይም ከታችም እኩል የሚስብ እግር ካላችሁ እሱን ግጠሙ። ሙሌቱን መኪናው ራሱ ይውሰደው።

እጥፋቱ አልለቅ አለ

ታጥፎ ተጭኖበት ስለቆየ ነው። ዘርግታችሁ አሳድሩት፣ አብዛኛው በራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ካውያውን ሳታስነኩ እንፋሎቱን ብቻ ከላይ ልቀቁበት፤ በተለይ ፖሊስተር ላይ ትኩስ ካውያ ካረፈ ይቀልጣል። ትልልቁን ከእንግዲህ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ድስት መያዣ ሰፋሁበት፣ እጄን ፈጀኝ

ፖሊስተር ገብቶበታል፣ ወይም ሙሌቱ ሳስቷል። ለትኩስ ዕቃ ጥጥ ብቻ፣ እሱም ቢያንስ ሁለት ድርብ። ከረጠበ ደግሞ ጥጡም ቢሆን ሙቀት ያሳልፋል፣ ደረቅ መሆኑን አይታችሁ ያዙበት። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚገባ ነገር ከሆነ ክሩ ሳይቀር ጥጥ መሆን አለበት፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ጭራሽ ባይገባ ይሻላል፣ ጥጥም ከቆየ ያርራል።

ትራስ ሞላሁበት፣ ጎረበጠ

ቁራጮቹ ትልልቅ ናቸው፣ ረጃጅሞቹም ተጠማዘው ተቋጥረዋል። አውጧቸውና ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ክተፏቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። እንዲያም ሆኖ ለጭንቅላት ትራስ ይከብዳል፤ ለመቀመጫ ትራስ ነው ደህና የሚሆነው።

ሱፉን ብል በላው

የሱፉን ሙሌት ከሌላው ነጥላችሁ፣ በደንብ በሚዘጋ ከረጢት አስቀምጡ። የተበሳሳው ይጣል። በዚህ እንኳ አትሳሱ፣ ብሉ ወደ ሱፍ ልብሳችሁ ይሻገራል።

ፍርፋሪውስ?

15 ሴንቲሜትር በ15 የሚወጣው ከሆነ አትጣሉት። በሁለት እራፊ ጨርቅ መሃል አስገብታችሁ ከመኪናው አጠገብ አስቀምጡ፤ ብርድ ልብሱን ከመጀመራችሁ በፊት የክሩ ጥብቀት ልክ መሆኑን እሱ ላይ ትሞክራላችሁ። ሙከራው ከዋናው ሥራ ጋር አንድ ዓይነት ሙሌት ካልያዘ ግን አይረባም፣ ውፍረቱ ሲለወጥ ጥብቀቱም ይለወጣል። ከዚያ ያነሰው የመኪናውን አቧራ ይጠርጋል፣ ሲቆሽሽ ይጣላል።