መመርመሪያ ኪት በትእዛዝ ስታሠሩ፦ ከአዳማ ሆናችሁ ውጭ አገር ከማዘዛችሁ በፊት

አዳማ ላይ ወተት የሚሰበስብ፣ መኖ የሚያቀናብር ወይም ላብራቶሪ የከፈተ ሰው በሆነ ሰዓት አንድ ሐሳብ ይመጣለታል፦ «ለኛ ሥራ ልክ የሆነ መመርመሪያ ኪት ለምን አናሠራም?» ሐሳቡ እብደት አይደለም። በትእዛዝ ኪት የሚያለሙና የሚያመርቱ ድርጅቶች ቻይና፣ ህንድ፣ ኮሪያ፣ አውሮፓና አሜሪካ ሞልተዋል። ኢሜይል ስትልኩላቸው ቶሎ ይመልሳሉ። መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ እንችላለን።

እውነትም ይችላሉ። ግን የሚሠሩት እናንተ የነገራችኋቸውን ነው። በደንብ ካልነገራችኋቸው በሚያውቁት ወተት፣ በሚያውቁት ፍሪጅ፣ በሚያውቁት ሕግ ልክ ሠርተው ይልካሉ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል፤ ወንጂ መንገድ ላይ ባለ የወተት መሰብሰቢያ ግን አይሠራም። ስለዚህ እዚህ የማወራው ባብዛኛው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስለምትሠሩት ሥራ ነው።

ምሳሌዬ አፍላቶክሲን ኤም1 ይሁን። መኖ ሲሻግት አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባል መርዝ ይፈጠርበታል፤ ላሟ ትበላዋለች፣ ሰውነቷ ውስጥ ይለወጥና ኤም1 ሆኖ በወተቷ ይወጣል። ማፍላት አያጠፋውም። ለሌላ ነገር ኪት የምትፈልጉም ብትሆኑ አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ፣ ማሠራት የግድ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ለኤም1፣ ለወተት ውስጥ አንቲባዮቲክ፣ ለፕሮጄስትሮን (ላሟ ማርገዟን ለማየት) የተዘጋጁ ኪቶች ገበያ ላይ አሉ። ሁለት ዓይነት ግዙና በራሳችሁ ወተት ሞክሯቸው። ከሠሩላችሁ የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ኪት ሳይሆን በእናንተ ስም፣ በእናንተ መጠን የታሸገ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መመሪያ ያለው ያው ኪት ነው። ይህን የሚያደርጉ አምራቾች ብዙ ናቸው፤ ዋጋውም ጊዜውም ከማልማት ጋር አይወዳደርም።

ማሠራት የሚያዋጣው ለምትፈልጉት ነገር ኪት ከሌለ፣ ያለው ኪት በናሙናችሁ ካልሠራ (የግመል ወተት፣ እርጎ፣ ፋጉሎ)፣ ወይም ኪቱ «በዝቷል» ማለት የሚጀምርበት ገደብ ለእናንተ ገበያ ካልሆነ ነው። ከነዚህ አንዱን በማስረጃ ማሳየት ካልቻላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ገደቡን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ

ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው፤ የሚገርመው ብዙ ሰው ለአምራቹ ይተወዋል። ለወተት የአውሮፓ ኅብረት ገደብ በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ነው። የአሜሪካና የኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) ደግሞ 0.5 ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት! «ኤም1 የሚለይ ስትሪፕ (ወተት ሲነካው መስመር የሚያሳይ ቁራጭ) እፈልጋለሁ» ብቻ ካላችሁ የትኛውን ያመጡላችኋል? ብዙ ደንበኛ ያላቸውን ነዋ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ የተሠራ ጥናት 110 ናሙና መርምሮ ከ0.05 ያልበለጡት 9 ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። 29ኙ ከ0.5 በላይ ነበሩ። ከፍተኛው ወደ 5 ይጠጋል። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ አዳማ ላይም ለላም ይቀርባል። እንግዲህ አስቡት፦ በአውሮፓ ገደብ የተሠራ ስትሪፕ ገዝታችሁ በር ላይ ብታቆሙ የመጣላችሁን ወተት በሙሉ ማለት ይቻላል ትመልሳላችሁ። ገበሬውም ነገ ዝም ብሎ ለሚቀበለው ሰው ይሸጣል። በ0.5 ከሆነ ግን ወደ ሩብ የሚሆነው ይወድቃል፤ ይሄ ቢያንስ መኖውን ተከታትሎ ለማስተካከል የሚያስችል ቁጥር ነው። የእኔ ምክር በር ላይ 0.5 የሚይዝ ስትሪፕ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ ቁጥር የሚሰጥ ኤላይዛ (በትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ በቀለም ለውጥ መጠን የሚለካ ምርመራ) ነው። ወተቱን የሚገዛችሁ ድርጅት ሌላ ገደብ ካለው ግን የእሱን ውሰዱ።

የንባቡንም ስፋት አትርሱ። ለአውሮፓ ገደብ የተሠራ ኤላይዛ ከፍ ባለ ወተት ቶሎ ይሞላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይለይም። 5 ማይክሮግራም ያለውን ወተት በስንት እጥፍ አቅጥነን እንለካለን የሚለው መልስ መመሪያው ውስጥ መግባት አለበት፤ ሲቀጥንም ትክክለኛ ቁጥር እንደሚሰጥ ተፈትኖ መታየት አለበት።

መስመሩ ሲጠፋ ነው ችግሩ

ኤም1 ትንሽ ሞለኪውል ነው። ሁለት አንቲቦዲ (የሚፈለገውን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) በአንድ ጊዜ እንዲይዙት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ኪቱ በውድድር ነው የሚሠራው፦ ወተቱ ውስጥ ያለው ኤም1 እና ኪቱ ላይ ያለው ለአንድ አንቲቦዲ ይሻማሉ። ወተቱ ውስጥ መርዙ በበዛ ቁጥር ምልክቱ ይደበዝዛል። ሁለት መስመር ማለት ንጹሕ፣ የምርመራው መስመር ጠፍቶ የቁጥጥሩ ብቻ ሲቀር ደግሞ ችግር አለ ማለት ነው። ማለዳ ወተት የሚቀበለው ልጅ ግን የሚያውቀው የወባና የእርግዝና ምርመራ ነው፤ እዚያ ሁለት መስመር «አለ» ማለት ነው። ካልተነገረው ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ያነበዋል። ስለዚህ የመመሪያው ሥዕል፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ የካሴቱ (ስትሪፑን የያዘው የፕላስቲክ ቤት) ማሸጊያ ላይ ይታተምልን በሉ። ካርቶኑ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ማንም አይከፍተውም።

ትልልቅ ፕሮቲኖች ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ኪቱ በሁለት አንቲቦዲ ሳንድዊች አድርጎ ይይዛል፣ ምልክቱም ከመጠኑ ጋር ይጨምራል። እዚያ የምትጠይቁት ስለ ሁክ ኢፌክት ነው፦ የሚፈለገው ነገር እጅግ ሲበዛ ምልክቱ ተመልሶ ይወርድና ብዙ ያለበት ናሙና ትንሽ ያለው ይመስላል። ከስንት መጠን ጀምሮ እንደሚከሰት በቁጥር ይንገሯችሁ።

የፍላጎት ወረቀት

ሁለት ገጽ ይበቃል። ማን ይጠቀምበታል? የት? በቀን ስንት ናሙና? መልሱ በስንት ደቂቃ ይፈለጋል? ወተቱ ከላም የወጣ ነው፣ ከማቀዝቀዣ፣ ወይስ ወደ እርጎ የሄደ?

የናሙና ቁጥር ቀላል ይመስላል፤ ገንዘብ የሚበላው ግን እሱ ነው። የኤላይዛ ፕሌት 96 ጉድጓድ አለው፣ 96 ናሙና ግን አይወስድም። ስምንት ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) በጥንድ ሲገባ 16 ጉድጓድ ይሄዳል። በቀሩት 80 ጉድጓዶች ናሙናም በጥንድ ሲሠራ 40 ናሙና ነው። በቀን አሥር ናሙና ብቻ ያለው ኅብረት ሥራ ሙሉ ፕሌት ቢከፍት ኪሳራ ነው፤ እየተሰበሩ የሚወጡ ባለ 8 ጉድጓድ ረድፎች ይዘዝ። በየቀኑ ስታንዳርድ መደገሙም ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ሙቀቱን በግልጽ ጻፉ። ኤላይዛ ኪት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጃችሁ ምን ያህል እንደሚቆይ እናንተ ታውቃላችሁ። ስትሪፕ ብዙ ጊዜ እስከ 30 ዲግሪ ይችላል ይባላል፤ በአዳማ ሚያዝያ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ ግን 30 ቀልድ ነው። 40 ዲግሪ ላይ ስንት ሳምንት ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ። ሐዋሳ ላላችሁ ደግሞ እርጥበትን ጨምሩበት፤ ስትሪፕን ከሙቀት ባልተናነሰ የሚገድለው እርጥበት ነው። እያንዳንዱ ካሴት ለብቻው ከእርጥበት መጣጭ ጋር በአሉሚኒየም ከረጢት ይታሸግ። ሃያ አምስቱን በአንድ ጣሳ ማድረግ ይረክሳል፣ ግን ጣሳው በተከፈተ ቁጥር የቀሩት ይጎዳሉ።

ወተታችሁን ይዩት

አልሚው ሥራውን በንጹሕ ፈሳሽ ነው የሚጀምረው፤ እዚያ ሁሉም ኪት ይሠራል። ወተት ሲገባ ስብና ፕሮቲን ይረብሹታል። የእኛ አገር ላም ወተት ከፈረንጅ ላም ወተት ስቡ ይበዛል፤ ከዚያ ደግሞ ውሃ የተጨመረበት አለ፣ ትናንት ማታ ታልቦ የኮመጠጠ አለ። እነዚህን ሁሉ ካላየ በኋላ የሚመጣው ጣጣ የእናንተ ነው።

ጥሩው መንገድ የሙከራ ኪቱን እዚህ ማስመጣት ነው። ናሙና ወደ ውጭ መላክ ይቻላል፣ ግን ወረቀቱ ብዙ ነው፦ ባዮሎጂካል ነገር ከአገር ሲወጣ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመለከተኛል ወይ ብላችሁ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን አስቀድማችሁ መጠየቅ፣ የተቀባዩ አገር የእንስሳት ውጤት ማስገቢያ ፈቃድ፣ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት፣ ደረቅ በረዶ፣ በረዶውን የሚቀበል አየር መንገድ። የሰው ደም ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ይጨመራል። ለመነሻ ትንሽ ወተት ላኩ፤ ከዚያ በኋላ እነሱ ኪቱን ይላኩ፣ እናንተ እዚህ ፈትኑ።

ለመፈተን ግን እውነተኛው ቁጥር የሚታወቅ ወተት ያስፈልጋል። የተወሰኑ ናሙናዎች ኤችፒኤልሲ (መጠንን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ባለው ላብራቶሪ አስለኩና ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ። ንጹሕ ወተት ላይ የታወቀ መጠን ኤም1 ጨምራችሁም ሞክሩ። ኪቱ ከጨመራችሁት ከ80 እስከ 120 በመቶ ካገኘ ደህና ነው። ያንኑ ናሙና ደጋግማችሁ ስትለኩ ልዩነቱ በአንድ ፕሌት ውስጥ ከ10 በመቶ፣ በተለያየ ቀን ከ15 በመቶ አይብለጥ። ይህን ቁጥር ውሉ ላይ አስገቡት፤ «ጥሩ ውጤት» የሚል ቃል ውል ላይ ምንም አያደርግም።

ውሉ፣ በተለይ አንቲቦዲው የማን ነው?

ሥራውን በደረጃ ከፋፍሉት፦ የአዋጭነት ሙከራ፣ ማልማት፣ ማረጋገጫ፣ የሙከራ ምርት፣ መደበኛ ምርት። ክፍያውም በየደረጃው ይሁን፤ አንዱ ደረጃ በተስማማችሁት ቁጥር ካላለፈ እዚያው የማቆም መብት ይኑራችሁ። ዋጋው በዶላር ነው፣ ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ነው የሚመነዘረው። ዛሬ የተቀበላችሁት ፕሮፎርማ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርሱ በብር ሌላ ነው። መጠባበቂያ ያዙ፣ ባንካችሁንም ገና ስትጀምሩ አነጋግሩ።

አሁን ወደ አንቲቦዲው። ኪቱ ማለት እሱ ነው፤ ሌላው ፕላስቲክና ወረቀት ነው። ከጥንቸል ደም የሚወጣ ፖሊክሎናል ከሆነ ጥንቸሏ ስትሞት ያ አንቲቦዲ አብሮ ያልቃል፤ ከሌላ ጥንቸል የሚመጣው እንደ ቀድሞው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮለርና ሚልስታይን ባሳዩት ዘዴ የሚሠራው ሞኖክሎናል ግን ከሴል ነው የሚመነጨው፤ ሴሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን እስከተቀመጠ ድረስ ያንኑ አንቲቦዲ ይሰጣል። ማልማቱ ወራት ይፈጃል፣ ይወደዳልም፤ ለዓመታት ለምትጠቀሙበት ኪት ግን ሌላውን አታስቡ።

ታዲያ ሴሉ የማን ነው? ለማልማቱ የከፈላችሁ እናንተ ከሆናችሁ የእናንተ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ፤ ብትለያዩ ከነሙሉ የአሠራር ሰነዱ እንደሚያስረክቡ ይፈርሙ። አምራቹ የራሱን ነባር አንቲቦዲ የሚጠቀም ከሆነ ይረክሳል፣ ፈጣንም ነው፤ ግን ያኔ ተከራይ ናችሁ፣ ነገ ለጎረቤታችሁም ይሸጠዋል። ይህን አውቃችሁ ከገባችሁበት ችግር የለውም።

ሌላው የሚረሳ አንቀጽ የለውጥ ማሳወቂያ ነው። አምራቹ የሜምብሬኑን (ወተቱ የሚሄድበት ስስ ወረቀት) ወይም መስመሩን የሚያቀልመውን የወርቅ ቅንጣት አቅራቢ ቀይሮ ዝም ሊል ይችላል። ከመቀየሩ ከወራት በፊት እንዲያሳውቅና የሁለቱን ንጽጽር እንዲልክ አስገድዱ።

የጥራት ሰርተፍኬት ሲልኩላችሁ ስሙን ብቻ አትዩ። አይኤስኦ 13485:2016 ለሕክምና መሣሪያ ነው፤ ሰርተፍኬቱ ላይ «ማልማትና ማምረት» ይላል ወይስ «ማከፋፈል» ብቻ? ኪታችሁ ለሰው ምርመራ ከሆነ ያለዚህ አትጀምሩ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምዝገባ ይጠይቃችኋል። ምን ሰነድ እንደሚፈልግ አልሚው ሥራ ሳይጀምር ጠይቁ። አልቆ ከሄደ በኋላ የጎደለ ጥናት ማስጨመር እንደገና መክፈል ነው።

ዕድሜና ርክክብ

«ሁለት ዓመት ይቆያል» ሲሏችሁ በምን አወቃችሁ በሉ። ብዙ ጊዜ ኪቱን 37 ዲግሪ ላይ ለሳምንታት አስቀምጠው ያሰሉት ነው። ለመጀመር ይበቃል፣ ግን ግምት ነው፤ በእውነተኛ ጊዜ የሚደረገው ጥናት ጎን ለጎን መቀጠልና ውጤቱ በየስድስት ወሩ ለእናንተ መላክ አለበት። ጥናቱ በሦስት የተለያየ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ ኪት) ይሁን።

የቀረ ዕድሜም ውሉ ላይ ይግባ። ባንክ፣ መርከብ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ እያለ እቃው ሲደርስ ግማሽ ዕድሜው ሊያልቅ ይችላል። አዳማ ሲገባ ከዕድሜው ቢያንስ ሦስት አራተኛው ይቅር በሉ፤ ካልሆነ አንቀበልም። ለኤላይዛ መርከቡን እርሱት፣ በቦሌ ጭነት አምጡት፤ ካርቶኑ ውስጥ ሙቀት መዝጋቢ ይኑር። ትራንዚተራችሁ ቀዝቃዛ መጋዘን ማግኘቱን እቃው ከመነሳቱ በፊት አረጋግጡ፤ ዓርብ ማታ የሚደርስ ጭነትም አትቀበሉ።

ሲደርስ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ካርቶን አንሱና ባቀዘቀዛችሁት ወተት ፈትኑ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ፈተና በኋላ ይሁን። ከእያንዳንዱ ባች ጥቂት ኪት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አዲሱ ባች ሲመጣ አሮጌው ሳያልቅ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ወተት፣ በአንድ ሰው እጅ አወዳድሩ። ልዩነት ካለ ፎቶውንና ቁጥሩን በዚያው ሳምንት ላኩ፤ አብዛኛው ውል ለቅሬታ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።