ማዘርቦርድ ከተቀየረ በኋላ ቢትሎከር ቁልፍ ሲጠይቅ

ጅማ ውስጥ የቡና ነጋዴዎችን ሂሳብ የምትሠራ ጓደኛዬ የላፕቶፗን ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) አስቀየረች። ሲበራ ሰማያዊ ገጽ መጣና ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ጠየቃት። የሰው ሂሳብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው! «ፎርማት ይደረግ» ያላትም ነበር። እንኳን አልሰማችው።

ፋይሉ አልጠፋም። ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ቁልፉን የሚያስጠብቀው ቲፒኤም በሚባል ቺፕ ነው፤ ቺፑ ደግሞ ከአሮጌው ቦርድ ጋር ሄዷል። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካትም ያለ ቁልፉ ዋጋ የለውም።

ገጹ ላይ የቁልፉ መለያ ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደልና ቁጥሮች ያዝን። በስልኳ ማይክሮሶፍት አካውንቷ ውስጥ ገባን፤ እዚያ ከተቀመጡት ቁልፎች መለያው የሚገጥመውን መረጥን። እኔ ስድስት ስድስቱን አነበብኩላት፣ እሷ አስገባች። ተከፈተ!

መጀመሪያ ፋይሎቹን ውጫዊ ዲስክ ላይ ገለበጥን። ከዚያ ቢትሎከርን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን፣ አዲሱን ቺፕ እንዲይዝ እንደገና አበራነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ቻርጀሩ ይሰካ። አሮጌው ቁጥር ከዚህ በኋላ አይሠራም። አዲሱን አሳትማ ቤቷ አስቀምጣለች። ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ግን በፍጹም አትክተቱት፤ ሌባው ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኛል።